የወደድከውን መጽሐፍ ሲነቅፉብህ፦ ምክር ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ስትደውልልኝ ድምፅህ የተቀጣ ተማሪ ድምፅ ነበር። ያዋስኩህን የ«ኒው ኤክስ-ሜን» ኮሚክ ጥራዝ በአንድ ሳምንት ጨርሰህ ወደኸዋል። ከዚያ ሌሎች አንባቢዎች የሚሉትን ስትሰማ ግማሹ ከዚህ የተሻለ የኤክስ-ሜን ታሪክ አልተጻፈም ይላል፤ ግማሹ ኤክስ-ሜንን የቀበረ መጽሐፍ ነው ይላል። «ጋሼ፣ ያልገባኝ ነገር አለ እንዴ?» አልከኝ። እናትህ ከኋላ «ምሳ ቀርቧል» እያለች ስትጣራ መልሱ ተንጠልጥሎ ቀረ። እነሆ በቁጥር በቁጥር ጻፍኩልህ። መጽሐፉን ገና ያላነበበ ሰው ይህ ወረቀት እጁ ከገባ ሦስተኛውን ምክር ይዝለለው፤ ምስጢሩ የሚወጣው እዚያ ነው።

1. የሰውን ፍርድ ከመቀበልህ በፊት እንዴት እንዳነበበው ጠይቅ።

የግላስጎው ሰው የሆኑት ግራንት ሞሪሰን ይህን ታሪክ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2001 በቁጥር 114 ሲሆን የጨረሱት በ2004 በቁጥር 154 ነው። 41 እትም ነው፤ አንድ ዓመታዊ ልዩ እትም ሲጨመር 42። አንተ ይህን ሁሉ በሰባት ቀን ዋጥከው። እኔ ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አንዱን እትም በ2 ዶላር ከ25 ሳንቲም እገዛና ሌሊት በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ በሃያ ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ወር መጠበቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት እትሞች የሣሉት ፍራንክ ኳይትሊ ናቸው። እንደ እሳቸው የሰውን አካል ክብደት ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ ሠዓሊ ብዙ አላየሁም፤ እጃቸው ግን አይፈጥንም። ክፍተቱን ከሸፈኑት መካከል ክሮኤሺያዊው ኢጎር ኮርዴይ ነበሩ። በጥድፊያ ሣሉ፣ ጥድፊያውም ፊቶቹ ላይ ቀረ። ወር ሙሉ ጠብቀህ የምታውቃት ጂን ግሬይ የማታውቃት ሴት ሆና ስትመጣ ምን ይሰማሃል? እኔ ተናድጄ መግዛቱን ተውኩት። ከዓመታት በኋላ ጥራዙን ሳነብ ያ ያናደደኝን ገጽ ገልጬ አለፍኩት፤ ቀጣዩ ሠዓሊ ጥቂት ገጽ ወዲያ ነበሩና። እስከ ዛሬ ኮርዴይን የሚሳደብ አንባቢ ታገኛለህ። አብዛኛው እንደ እኔ ወር የጠበቀ ነው። ሰውዬውን ግን አትፍረድባቸው፤ በቂ ጊዜ ያልሰጣቸው ሌላ ነው።

2. በየትኛው በር እንደገባም ጠይቅ።

ኤክስ-ሜንን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 ፈጠሯቸው፤ ሰው ያደረጓቸው ግን ከ1975 እስከ 1991 የጻፉላቸው ክሪስ ክሌርሞንት ናቸው። በእሳቸው ያደገ አንባቢ እነዚህን ገጸ ባሕርያት እንደ ዘመድ ነው የሚያውቃቸው። በ2000 የወጣውን ፊልም አይቶ የመጣው ደግሞ ጥቁር ቆዳ ለብሰው ስላያቸው የሞሪሰን ቡድን ደማቁን ልብስ መጣሉ አልከበደውም። የጂን ባል ሳይክሎፕስ በሐሳብ ዓለም ከባልደረባው ከኤማ ፍሮስት ጋር ሲማግጥ አንተ ጥሩ ድራማ አየህ። ሳይክሎፕስና ጂን በ1994 ሲጋቡ እትሙን ገዝቶ ያነበበ ሰው ግን ድግሱን የበላበት ቤት ሲፈርስ ነው ያየው። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

እኔ የገባሁበት በር ደግሞ ሀገሬ ነው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ እትሞች ክፉዋ ካሳንድራ ኖቫ 16 ሚሊዮን ሚውታንት (እንደ ኤክስ-ሜን ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች) የምትፈጅባት ጄኖሻ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ ያለች ልብ ወለድ ደሴት ናት። ታሪኩ ወደኛ ሰፈር ጠጋ ያለው ለማጥፋት መሆኑ ያኔም አስቆኝ ነበር።

3. የሚጮህ ሁሉ ለውጥ የሚጠላ አይምሰልህ።

ዞርንን ታስታውሰዋለህ፤ ጭንቅላቱ በብረት ጭምብል የተዘጋ፣ ውስጡ ኮከብ የሚነድ፣ ከሌላው የማይገጥሙትን ተማሪዎች በትዕግሥት የሚያስተምር ገር ሰው። የትምህርት ቤቱን መሥራች ቻርልስ ዜቪየርን ከተሽከርካሪ ወንበር ያስነሣውም እሱ ነበር። በቁጥር 146 ጭምብሉን ሲያወልቅ የኤክስ-ሜን የጥንት ጠላት ማግኒቶ ሆኖ ወጣ። እኔ መግዛት ስላቆምኩ ይህን የሰማሁት ከሥራ ባልደረባዬ አፍ ነው፤ አንድ ደንበኛ ቲኬት ይዞ ቆሞ እየጠበቀን።

ብዙዎች በመታለላቸው ተናደዱ። ያ ንዴት ቶሎ ይበርዳል፤ ደግመህ ስታነብ ፍንጮቹን ታገኛቸዋለህ። የማይበርደው ሌላው ነው። ክሌርሞንት ከ1981 ጀምሮ ማግኒቶን ከአውሽዊትዝ የተረፈ ሰው አድርገው ጽፈውታል፤ ክፋቱን ሁሉ ከዚያ ቁስል ጋር አያይዘውታል። ሞሪሰን ያንኑ ሰው «ኪክ» በተባለ አደንዛዥ ዕፅ አናውዘው፣ ማንሃታንን ይዞ ሰዎችን ወደ ማቃጠያ ምድጃ ሲያስነዳ አሳዩት።

ደጋፊዎቹ የተበደለ ሰው የበዳዩን መልክ ሲይዝ ማየት አስፈላጊ ነው ይላሉ። ለዚህም ጥሩ ማስረጃ አላቸው። የገዛ ተከታዮቹ «ዞርን ይሻለን ነበር» ሲሉት ሽማግሌው አብዮተኛ የሚሆነው ጠፍቶት የሚቆምበት ቦታ ከመጽሐፉ ሁሉ ልቤን የነካኝ ነው። ምድጃው ላይ ግን እኔ ከተናደዱት ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ክብደት ያለው ነገር ፍንዳታና ድብድብ በተጨናነቀበት አምስት እትም ውስጥ ጣል ተደርጎ አይታለፍም። አሳታሚው ማርቭልም ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው በ2004፣ በክሌርሞንት ብዕር በታሪኩ የሞተውን ማግኒቶን በሕይወት አምጥቶ፣ የሞተው ሌላ ሰው ነው አለ። ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ለተናደደው አንባቢ ካሳ መሰለ፤ ለወደደው ግን መጽሐፉን ከእጁ መንጠቅ ነበር።

4. ድምፅ አትቁጠር። ስንት ሰው ወደደው፣ ስንት ሰው ጠላው የሚለው ስለ ሰዎቹ ይነግርሃል እንጂ ስለ ገጹ አይነግርህም።

5. የሚያወድሰውንም የሚነቅፈውንም «የቱ ጋ?» በለው።

ይህን ጥያቄ ራስህንም ጠይቅ፤ እሑድ ዕለት «በጣም ደስ ይላል» ብቻ ነበር ያልከኝ። እኔ ብጠየቅ ቁጥር 121ን እገልጣለሁ። ጂንና ኤማ ወደ ዜቪየር አእምሮ ሲገቡ ከዳር እስከ ዳር በቃል ሳይሆን በሥዕል ነው የሚነገረው፤ ኳይትሊ ለምን እንደሚጠበቁ እዚያ ይገባሃል። ቀጥዬ ከ135 እስከ 138 ያለውን የተማሪዎች ዓመፅ እገልጣለሁ። ኩዌንቲን ኳየር የተባለው ብልህ ልጅ መምህሮቹ የሰጡትን ተስፋ መጠራጠር ይጀምራል፤ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ዱላ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓመፅ ያየ የኔ ዕድሜ ሰው ያንን በቀላሉ አያልፈውም። ድክመቱን አሳየኝ ብትለኝ ደግሞ የመጨረሻዎቹን አራት እትሞች እሰጥሃለሁ። ከ150 ዓመት በኋላ ወዳለ ዘመን ይዘልና አዳዲስ ሰዎች ያጎርፍብሃል፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜም ጠፍቶብኛል።

6. ጥራዙን ለመመለስ አትቸኩል።

ወደ 1,000 ገጽ የሚጠጋ ነገር ስለሆነ ጋደም ብለህ አታንብበው፤ አንዴ ደረቴ ላይ ወድቆብኝ ያውቃል። እናትህ ስለ ሥዕሎቹ ከጠየቀችህ ኤማ ፍሮስት ያለችበትን ገጽ አትግለጥላት። ተማሪዎቹ የሚያምፁበት ላይ የቡና ነጠብጣብ ታያለህ፤ እሱ ያንተ አይደለም፣ አትጨነቅ። ስትመጣ ያልተስማማህበትን ገጽ ወረቀት አስገብተህበት ና።