«አድቫይዘብል»፦ ቢደረግ ይበጃል

በዛሬው ትምህርታችን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እናጠናለን። ቃሉ «አድቫይዘብል» ነው። በጸረ ተባይ ጣሳ፣ በውሃ ፓምፕ መመሪያ ወይም በመድኃኒት ወረቀት ላይ ቢያጋጥማችሁ ምን ትላላችሁ? ትእዛዝ ነው ወይስ ምክር?

«አድቫይዝ» መምከር ማለት ነው። «ኤብል» የሚለው ቅጥያ ሲጨመርበት «የሚመከር፣ ቢያደርጉት የሚበጅ» የሚል ቅጽል ይወጣዋል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩም ከማየት ጋር የተያያዘ ነው። እውነትም ጥሩ መካሪ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያይ ነው።

አገባቡ እንዲህ ነው፦ «ኢት ኢዝ አድቫይዘብል ቱ ቦይል ዘ ወተር»። ትርጉሙ «ውሃውን ማፍላት ይመከራል» ነው። ለምን? ሲፈላ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ቀበሌያችሁ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ግን 3 ደቂቃ ይሁን። በደጋ ውሃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነውና።

አፍራሹ «ኖት አድቫይዘብል» ነው፤ አይበጅም ማለት ነው። እርጥብ እህል ጎተራ ማስገባት አይበጅም፤ ይሻግታላ!

አሁን ልብ በሉ። «መስት» ካለ ግዴታ ነው። «መስት ኖት» ወይም «ዱ ኖት» ካለ ክልክል ነው። «አድቫይዘብል» ካለ ግን ምክር ነው፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። ክልክሉን እንደ ምክር ያነበበ ሰው በመርዝ ጣሳ ውሃ ይቀዳል፤ ቤተሰቡን ይጎዳል። ምክሩን እንደ ትእዛዝ ያነበበ ደግሞ መሬቱንና ዝናቡን ሳያይ፣ «ለምን?» ብሎም ሳይጠይቅ ገንዘቡን ያወጣል።

ይህ ሲባል ምክር ይናቅ ማለት አይደለም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባል የለ?

መልመጃ፦ ግዴታ፣ ክልክል ወይም ምክር እያላችሁ ለዩ።
1. «ዩ መስት ወሽ ዩር ሃንድስ»፦ እጃችሁን መታጠብ አለባችሁ።
2. «ዱ ኖት ስሞክ»፦ አታጭሱ።
3. «ኢት ኢዝ አድቫይዘብል ቱ ድራይ ዘ ግሬን»፦ እህሉን ማድረቅ ይበጃል።

መልሱን ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ። ከዚያም ቤት ያለውን ጣሳ አንሱና ጽሑፉን ፈልጉ፤ ያልገባችሁን ቃል ሳትጠይቁ ክዳኑን አትክፈቱ።