ለአጥንቱ ኮድ ከመስጠትሽ በፊት

ልጄ፣ የሕክምና ኮዲንግ ፈተናሽን አልፈሽ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በዚሁ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ጀማሪ ስለሚሰናከልበት ስለ አጥንት ኢንፌክሽን ልምከርሽ።

1. የሐኪሙን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ቁጥር አትፈልጊ። አጣዳፊ ነው ወይስ ሥር የሰደደ? የትኛው አጥንት? ቀኝ ነው ግራ? የአጥንት ኢንፌክሽን ኮዶች የሆኑት የኤም86 ቁጥሮች የተሠሩት ከእነዚህ መልሶች ነው፦ በኤም86.171 ውስጥ 7ቱ ቁርጭምጭሚትና እግር ነው፤ የመጨረሻው 1 ቀኝ ማለት ነው፤ ግራ ቢሆን 2 ይሆን ነበር። መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ያለው ሥር የሰደደ ከሆነ ወደ ኤም86.4 ትሄጃለሽ። ጀርሙ ለብቻው ይጨመራል፤ ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፍ ከሆነ ቢ95.62 ነው።

2. «ያልተገለጸ» የሚለውን ኤም86.9 አትልመጂው። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ክሊኒክ ተቻኩዬ የአንድ ሽማግሌ መዝገብ ላይ አስገባሁት። ሐኪሙ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሥር የሰደደ፣ ግራ እግር» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኤም86.672 መሆን ነበረበት። ቤታቸው ሆነው ስድስት ሳምንት በደም ሥር ሊወስዱት የታዘዘላቸውን መድኃኒት ኢንሹራንሱ ሳይፈቅድ መለሰው። አንቺ የምትጽፊው ቁጥር ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር ነው።

3. ስኳር ያለበት ሰው እግር ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ከስኳሩ አይደለም ብሎ ካልጻፈ፣ ዓይነት ሁለት ከሆነ ኢ11.69 ይቀድማል፣ የአጥንቱ ኮድ ይከተላል። ቁስልም ካለ ኢ11.621 ይጨመራል፤ ከዚያም የቁስሉ ቦታና ጥልቀት። በቀኝ እግር ጣት ላይ ያለ ቁስል አጥንቱ ከሞተ ኤል97.514 ነው፤ አጥንት ጋ ደርሶ አጥንቱ ካልሞተ ግን ኤል97.516። ይህን ልዩነት ብዙዎች ያልፉታል። ኢንሱሊን ለዘለቄታው የሚወስድ ከሆነ ዜድ79.4ን አትርሺ። ሐኪሙ ሁለቱን ባያያይዛቸውም የኮዱ መመሪያ እንደተያያዙ ይቆጥራቸዋል፤ ከስኳሩ አለመሆኑን በግልጽ ከጻፈ ግን አታያይዢ።

4. ሁሉም አጥንት ኤም86 ውስጥ የለም። አከርካሪ ኤም46.2 ነው፤ መንጋጋ ኤም27.2። የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ኤ18.01 ነው። የአገራችን ሰው መዝገብ ላይ ቲቢ የሚል ቃል ካየሽ ቆም ብለሽ አንብቢ።

5. ተመላላሽ ታካሚ ላይ «ይጠረጠራል» የተባለውን እንደተረጋገጠ አትቁጠሪ፤ ምልክቱን ኮድ አድርጊ። ተኝቶ ታክሞ በሚወጣ ታካሚ ላይ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ሲወጣ «ሳይሆን አይቀርም» የተባለው እንዳለ ይቆጠራል። ሐኪሙን ስትጠይቂም መልሱን አፉ ላይ አታስቀምጪለት። ኤምአርአዩ ያሳየውን ጻፊለትና ምን ማለት እንደሆነ ራሱ ይናገር።

6. በየዓመቱ ኦክቶበር 1 አዲሱ የኮድ መጽሐፍ ሥራ ላይ ይውላል። የአምናውን፣ ፈተና ያለፍሽበትም ቢሆን፣ ያን ቀን ከጠረጴዛሽ አንሺው።