የዳፎዲል ራስ ለምን በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል?

ዳፎዲል የብርዱ ወራት ሲያበቃ የብሪታንያን የቤት ጓሮዎች በቢጫ አበባው የሚያደምቅ ተክል ነው። እንደ ሽንኩርት ከመሬት በታች ምግብ የሚያከማችበት ራስ አለው። የአገሩ አትክልተኞች ይህን ራስ በተለይ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ሾጣጣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው፣ ከቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ይተክሉታል። ይህም በአብዛኛው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከልማዱ በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ እንመለከታለን።

ሁለቱ የሙቀት ሞገዶች

የአፈር ገጽ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በዓመቱ ውስጥም እንዲሁ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ስለዚህ ወደ መሬት ውስጥ ሁለት የሙቀት ሞገዶች ይወርዳሉ፤ አንደኛው የ24 ሰዓት፣ ሁለተኛው የ365 ቀን ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪየር በ1822 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙቀት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሞገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይዳከማል፤ ይዘገያልም።

የሞገዱ ስፋት ወደ 37 በመቶ የሚወርድበትን ርቀት «የመዳከሚያ ጥልቀት» እንበለው። ይህ ጥልቀት ሞገዱ አንድ ዙር ለመጨረስ ከሚወስድበት ጊዜ ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) ጋር ይመጣጠናል። እርጥበት ባለው የተለመደ አፈር፣ ለቀኑ ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ365 ዳግም ዘር 19 ገደማ በመሆኑ፣ ለዓመቱ ሞገድ ከ2 ሜትር ይበልጣል።

እንግዲህ በገጹ ላይ 10 ዲግሪ የነበረው የቀንና የሌሊት ልዩነት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል፤ 5 ሰዓት ያህልም ይዘገያል። የዓመቱ ሞገድ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ክፍሉ ይደርሳል። አፈሩ የዕለቱን መለዋወጥ አስቀርቶ የወቅቱን ለውጥ የሚያሳልፍ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል።

ብርዱ ምን ይሠራል?

የአበባው እምቡጥ የሚፈጠረው ቀደም ሲል፣ በሞቃቱ ወራት፣ በራሱ ውስጥ ነው። አገዳው እንዲረዝምና አበባው እንዲፈካ ግን ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚቆይ፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል።

ከውጭ በመጣ ራስ በአዲስ አበባ ጓሮ ቅጠል እንጂ አበባ የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። «የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርድ የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እርግጥ ይበርዳል፤ ነገር ግን ያ ብርድ የቀኑ ሞገድ ስለሆነ አፈሩ ያስቀረዋል። የዓመቱ ሞገድ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን አነስተኛ ነው። ስለሆነም ራሱ የሚያገኘው ሙቀት ከከተማዋ ዓመታዊ አማካይ፣ ማለትም ከ16 ዲግሪ ገደማ፣ ብዙ አይርቅም። በጥልቀት መትከልም ቅዝቃዜውን አያመጣለትም።

መፍትሔው ራሱን ከመትከል በፊት፣ አየር በሚያስገባ የወረቀት ከረጢት ውስጥ፣ ለተጠቀሱት ሳምንታት በፍሪጅ ማቆየት ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን መግባት የለበትም። ከሚበስሉ ፍራፍሬዎች የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ እምቡጡን ስለሚጎዳ ከእነርሱ መራቅ አለበት። ከሁሉም በላይ የዳፎዲል ራስ ሊኮሪን የተባለ መርዝ አለው። ሽንኩርት መስሎ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ፣ በከረጢቱ ላይ ስሙንና «አይበላም» የሚለውን በጉልህ መጻፍ፣ ከምግብና ከሕፃናትም ማራቅ ይገባል።

የአፈሩን ወንፊትነት ለመፈተሽ የሚፈልጉ አንባቢያን አንድ ቴርሞሜትር በአፈር ገጽ፣ ሌላውን በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አድርገው በየሦስት ሰዓቱ ለአንድ ቀን ይመዝግቡ። የሁለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ንባብ ሲያነጻጽሩ መዳከሙንም መዘግየቱንም በገዛ ጓሯቸው ያገኙታል።