ጥንቸልና እንቁራሪት በሊበን አገር

በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ሊበን የሚባል ሰፊ የከብት አርቢዎች አገር አለ፤ ከተማውም ነገሌ ነው። በዚያ አገር ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በቀረው ወራት ምድሩ ይደርቃል። በዚህ ምድር ጥንቸልም እንቁራሪትም ይኖራሉ። የሁለቱም የኋላ እግር ከፊተኛው ይረዝማል፤ ሁለቱም ይዘላሉ። ከዚህ በቀር የሚመሳሰሉበት ነገር ጥቂት ነው።

ጥንቸሉ የሐበሻ ጥንቸል ይባላል። ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ቀን ከቍጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ይውላል፥ ሌሊት ሣር ይበላል። የሚጠጣው ውኃ ቢታጣ የቅጠል እርጥበት ይበቃዋል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ሆኑ ከኋላው የሚመጣውን ቀበሮ ሳይዞር ያያል። ደግሞም ከሚጥለው በጠጥ ለስላሳውን መልሶ ይበላዋል። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አለ፤ ነገር ግን በሬ ሲያመሰኳ ማን ይስቃል? ጥንቸልም ሣሩን ሁለተኛ የሚፈጨው በዚህ መንገድ ነው።

ግልገሉ ጠጕር ለብሶ፥ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል። እናቱ ጠላት እንዳያገኘው ርቃ ትውላለች፤ ሲመሽ መጥታ አጥብታው ትሄዳለች። ስለዚህ እረኛ ግልገሉን ብቻውን ቢያገኘው የተጣለ መስሎት ወደ ቤት አይውሰደው፤ እናቱ ማታ ትፈልገዋለችና።

እንቁራሪት ግን ጠጕር የላትም። ቆዳዋ ርጥብ ነው፤ ውኃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በዚሁ ቆዳዋ ነው። ፀሐይ ብታገኛት ቶሎ ትደርቃለች። ስለዚህ ከቆላ እንቁራሪቶች አንዳንዶቹ በኋላ እግራቸው አፈሩን እየጫሩ፥ ወደ ኋላ እየገቡ ይቀበራሉ፤ ዝናምም እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ምድር አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሳይዘንቡ ቀርተው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥንቸል ሣር ፍለጋ ይሮጣል፤ እንቁራሪት ግን ሩቅ መሄድ አትችልም።

ዝናም ሲወርድ ወንዱ እንቁራሪት ጕሮሮውን ነፍቶ ሴቲቱን ይጠራል። እርስዋም በኩሬው እንቍላል ትጥላለች። የሚፈለፈለው ልጅ እግር የለውም፤ ጅራት አለው፥ እንደ ዓሣም በውኃ ውስጥ ይተነፍሳል። እናቱ አታጠባውም። ኩሬው ሳይደርቅ እግር ያወጣ ይድናል፤ ያላወጣ በጭቃው ይቀራል። የኩሬው ዳር መሰንጠቅ ሲጀምር ጥፍር የሚያህሉ እንቁራሪቶች እየዘለሉ ወደ ሣሩ ይገባሉ፤ ጥንቸሉም በዚያው ሣር ሲግጥ ያድራል።