የደን መጥፋትና የደን ጥራት መጓደል፦ መሠረታዊ የአካባቢ ሳይንስ ጽንሰ ሐሳቦች በካፋ የቡና ደን መነሻነት

አጽሕሮት

በአካባቢ ሳይንስ የሚሠራባቸው መሠረታዊ ቃላት ወደ ጥናት፣ ወደ ሕግና ወደ ንግድ ሲገቡ በመሬትና በኑሮ ላይ የሚታይ ውጤት ያስከትላሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ አካባቢ፣ ሥርዓተ ምኅዳር፣ ብዝኀ ሕይወት፣ ደን፣ የደን መጥፋት እና የደን ጥራት መጓደል የተባሉትን ጽንሰ ሐሳቦች በቦንጋና በካፋ ዞን የቡና ደን ምሳሌነት ያብራራል። የጽሑፉ ማጠንጠኛ የሚከተለው ነው፦ በዛፎች አናት ሽፋን ብቻ የሚለካ ደን በስሌት ደን እንደሆነ እያለ ብዝኀ ሕይወቱንና ራሱን የመተካት አቅሙን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ሁለቱን ጉዳቶች የሚለይ ቃልና መለኪያ ያስፈልጋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥርዓተ ምኅዳር፣ ብዝኀ ሕይወት፣ የደን ቡና፣ የደን ጥራት መጓደል፣ ካፋ

1. መግቢያ

ቦንጋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከተማዋን የከበበው እርጥበታማ የደጋማ ሥፍራ ደን ዐረቢካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ተካይ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። የካፋ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2010 ከያዩ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ሸካ በ2012፣ ጣና ሐይቅ በ2015፣ ማጃንግ በ2017 ተከትለዋል።

የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በዩኔስኮ የሰውና የባዮስፌር መርሐ ግብር ሥር የተቀረጸ ሲሆን፣ መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሯል። ሥፍራው በሦስት ቀጠናዎች ይከፈላል። በዋናው ቀጠና ተፈጥሮ በጥብቅ ትጠበቃለች፤ በዙሪያው ባለው መከላከያ ቀጠና ደኑን የማይጎዳ አጠቃቀም ይፈቀዳል፤ በሽግግር ቀጠናው ደግሞ እርሻና መንደር ይገኛሉ። ይህ አከፋፈል ሰው ከደኑ ውጭ ሳይሆን ከደኑ ጋር እንደሚኖር የሚቀበል ነው። ሆኖም በየቀጠናው የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ለመለየት አስቀድሞ ቃላቱ ሊጠሩ ይገባል።

2. የመነሻ ቃላት

2.1 አካባቢ እና ምኅዳር

በዕለታዊ አማርኛ «አካባቢ» ሠፈርን፣ ቀበሌን ወይም ዙሪያን ያመለክታል። በሳይንሱ ግን አንድን ሕይወት ያለው ነገር ከብበው በሕልውናው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ሕያውና ግዑዝ ሁኔታዎች ሁሉ ድምር ነው። ለካፋ የደን ቡና አካባቢው አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የጥላው መጠን፣ ንቦቹ፣ ፍሬውን የሚበሉትና የሚበትኑት ወፎችና ዝንጀሮዎች፣ እንዲሁም ለቃሚው ገበሬ ናቸው።

«ምኅዳር» ከግእዙ «ኀደረ» የተገኘ ማደሪያን የሚያመለክት ቃል ነው። በአማርኛ ጽሑፎች «ሥነ ምኅዳር» አንዳንድ ጊዜ ለዕውቀት ዘርፉ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለሚጠናው ነገር ሲያገለግል ይታያል። «ሥነ ምኅዳር» ኧርነስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ኢኮሎጂ ብሎ ለሰየመው የዕውቀት ዘርፍ፣ «ሥርዓተ ምኅዳር» ደግሞ አርተር ታንስሊ በ1935 ኢኮሲስተም ብሎ ለጠራው፣ ሕያዋንና ግዑዛን በጉልበትና በንጥረ ነገር ዝውውር ለተሳሰሩበት ሥርዓት ቢውል ግልጽነት ይገኛል።

ሥርዓተ ምኅዳር ለሰው የሚሰጣቸው ጥቅሞች በአራት ይመደባሉ፦ የአቅርቦት፣ የማመጣጠን፣ የባህልና የድጋፍ አገልግሎት። የካፋ ደን ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ያቀርባል፤ የጎጀብን ወንዝ ፍሰት ያመጣጥናል። ጎጀብ የኦሞ ገባር በመሆኑ የካፋ ተዳፋት አፈር መሸርሸር ጉዳቱ በዞኑ ወሰን ላይ አይቆምም፤ ደለሉ ወደ ጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ይወርዳል።

2.2 ብዝኀ ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1994 ያጸደቀችው የብዝኀ ሕይወት ኮንቬንሽን ጽንሰ ሐሳቡን በሦስት ደረጃ ያየዋል፦ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የዘረ መል ልዩነት፣ የዝርያዎች ብዛትና ልዩነት፣ የሥርዓተ ምኅዳሮች ልዩነት። ብዙ ጊዜ ትኩረት የሚያገኘው ሁለተኛው ነው። በቡና ደን ግን የመጀመሪያው ቢያንስ እኩል ክብደት አለው።

ለዚህ ማስረጃው የአገሪቱ የራሷ ታሪክ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መታየቱ ሲረጋገጥ መፍትሔው በዋናነት የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ የቡና ዛፎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን በመምረጥ ነው። ዛሬ በብዙ ማሳዎች የሚታወቁት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በኢሉባቦር ከተገኙ እናት ዛፎች በ1974 የተመረጡ ሲሆኑ፣ ስማቸው የተመረጡበትን ዓመት ይዟል። በደኑ ውስጥ ያ ልዩነት ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ ነገር አይኖርም ነበር። ስለዚህ የካፋ የደን ቡና መጥበብ የገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገና ላልመጣ በሽታና ለሚለወጠው የአየር ንብረት የተቀመጠ ጥሪት መሟጠጥ ነው።

3. ደን ምንድን ነው?

«ጫካ» የዕይታ ቃል ነው፤ «ደን» ግን በሕግና በቆጠራ የሚወሰን ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ0.5 ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ የዛፍ ቁመትና ከ10 በመቶ በላይ የአናት ሽፋን ያለውን መሬት ደን ይለዋል፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬትን ግን አይጨምርም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ኮንቬንሽን ባቀረበችው የደን ማጣቀሻ ልኬት ስፋቱን በዚያው ወስና ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አድርጋለች። ቁመቱ ዝቅ ያለው የደረቃማ ሥፍራዎችን የተፈጥሮ ደን ለማካተት፣ ሽፋኑ ከፍ ያለው ደግሞ እጅግ የተጎዳ መሬት ደን ተብሎ እንዳይቆጠር ነው።

ሁለቱም ብያኔዎች ስፋትን፣ ቁመትንና ሽፋንን ይለካሉ። በውስጡ ምን ዓይነት ዝርያ እንዳለና ደኑ ራሱን እየተካ መሆኑን ግን አይጠይቁም።

4. የቡና ደን እንደ መፈተኛ

በደቡብ ምዕራብ የቡና አመራረት በጥቅሉ በአራት ይከፈላል፦ የደን ቡና፣ ከፊል የደን ቡና፣ የጓሮ ቡናና የተከላ ቡና። በደን ቡና ሰው በአብዛኛው ፍሬውን ብቻ ይለቅማል። በከፊል የደን ቡና ግን የሥር ቁጥቋጦውና ሐረጉ በየዓመቱ ይመነጠራል፣ የጥላ ዛፎች ይሳሳሉ፣ በክፍተቱም የቡና ችግኝ ይጨመራል። ምርቱ ያድጋል። ከሚመነጠረው መካከል ግን የቀረሮ፣ የጥቁር እንጨትና የሌሎች ትልልቅ ዛፎች ቡቃያ ይገኛል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የአንድ ሄክታር ደን የአናት ሽፋን 80 በመቶ ነበር እንበል። ወደ ከፊል የደን ቡና ሲለወጥ ሽፋኑ ወደ 40 በመቶ ቢወርድ በሁለቱም የሽፋን መለኪያዎች መሬቱ አሁንም ደን ነው። ከላይ በሚነሣ የሳተላይት ምስልም ከዛፎቹ ሥር ያለው ቡና በቀላሉ አይለይም። ሆኖም ቡቃያ በየዓመቱ የሚመነጠር ከሆነ ዛሬ የቆሙት ዛፎች አርጅተው ሲወድቁ ተተኪ አይኖራቸውም። ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ የሚታየው ግን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ሁለት ቃላት መለየት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። «የደን መጥፋት» ደን የነበረው መሬት ወደ ሌላ አጠቃቀም መለወጡ ነው፤ «የደን ጥራት መጓደል» ግን መሬቱ ደን እንደሆነ እያለ አወቃቀሩ፣ የዝርያ ስብጥሩና የመተካት አቅሙ መቀነሱ ነው። በተለምዶ «የደን መመናመን» የሚለው አንድ ሐረግ ለሁለቱም ስለሚውል የሁለተኛው ጉዳት በሪፖርት ውስጥ ስም አጥቶ ይቀራል።

ልዩነቱ በንግድም ክብደት አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውና አፈጻጸሙ የተራዘመው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን በጠፋበት መሬት የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ደንቡ ለቡና የሚጠይቀው ስለ ደን መጥፋት ነው፤ የደን ጥራት መጓደልን የሚመለከተው በእንጨት ውጤቶች ላይ ነው። በመሆኑም የአንድ ገበሬ ማሳ በዋናነት ደን ወይስ በዋናነት እርሻ፣ ከመቼስ ጀምሮ የሚለው ጥያቄ የምርቱን ዕጣ ይወስናል። ከቀነ ገደቡ በፊት የነበረ የጥላ ቡና ማሳ በትክክል ካልተመዘገበ ያለ ጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል፤ በሌላ በኩል ደኑ እየሳሳ የሚገኝበት ማሳ ያለ ጥያቄ ሊያልፍ ይችላል።

5. ለጥናትና ለአሠራር የሚኖረው ትርጉም

በቦንጋ ደን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲተገበር ቆይቷል። በዚህ አሠራር የተደራጁ ተጠቃሚዎች ቡና፣ ማርና ቅመም የመሰብሰብ መብት ያገኛሉ፤ በአንጻሩ ደኑን የመጠበቅ ግዴታ ይገባሉ። ግዴታው በሽፋን ብቻ ከተለካ ቡቃያ የሚመነጥር ተጠቃሚም ውሉን እንዳከበረ ይቆጠራል። ስለዚህ በክትትሉ ቢያንስ ሦስት መለኪያዎች አብረው ሊያዙ ይገባል፦ የአናት ሽፋን፣ የቡቃያ፣ የወጣትና የጎልማሳ ዛፎች ቁጥር በየዝርያው፣ እንዲሁም ሳይነካ የተተወው የደን ቡና ስፋት።

የመለኪያው ወጪ ግን በገበሬው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ምርት የሚጨምረውን ምንጠራ የሚተው ቤተሰብ ለአገርና ለዓለም የሚተርፍ የዘረ መል ሀብት ይጠብቃል፤ የሚያጣው ገቢ ግን የራሱ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ የዋጋ ወይም የድጋፍ ሥርዓት ከሌለ ትክክለኛ ቃል ብቻውን ደን አያድንም።

6. መደምደሚያ

የካፋ የቡና ደን እንደሚያሳየው የአካባቢ ሳይንስ ቃላት የሚያጠኑትን ነገር ወሰን ያሰምራሉ። ከወሰኑ ውጭ የቀረ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም ሲጠፋ አይታወቅም። የደን መጥፋትንና የደን ጥራት መጓደልን በቃልም በመለኪያም መለየት የዛፎቹን አናት ብቻ ሳይሆን ከሥራቸው የሚበቅለውን ቡቃያም ወደ ቆጠራው ያስገባል።