ስለ ሌፕቶስፒራ በሽታ፤ የሰውን ደምና መቅኔ እንዴት እንደሚለውጥ

በደቡብ ወሎ በስተ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር፣ የገበሬው ሀብት ከብትና እህል መኾኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከበረት ሽንት፣ ከጎተራም አይጥ አይታጣም። ሌፕቶስፒራ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ በአይጥና በከብት ኩላሊት እየኖረ ከሽንት ጋራ ይወጣል፤ በረጠበ መሬትና በኩሬ ውሃም ብዙ ቀን ይቈያል። ሰው በባዶ እግሩ ጭቃ ሲረግጥ ወይም የጨነገፈችን ላም በባዶ እጁ ሲረዳ፣ በቍስልና በዐይን በኩል ይገባበታል።

በሽታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ላሞች ከግማሽ በሚበልጡት ደም ውስጥ ምልክቱ ተገኝቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመውም ጥናት፣ በወንጂ ትኩሳት ከያዛቸው 59 ሰዎች በ28ቱ ላይ ታይቷል።

በሽተኛው ትኩሳት፣ የራስ ምታትና የባት ሕመም ይይዘዋል፤ ዐይኑም ይቀላል። ሕመሙ ሲጠና ዐይኑ ቢጫ ይኾናል፤ ኩላሊቱም ይደክማል። ቤተ ሰቡ ቢጫነቱን አይቶ የወፍ በሽታ ነው ይላል፤ ከዐባይ ቈላ የተመለሰ እንደ ኾነም ወባ ይባላል። በዚህ ኹሉ መካከል ቀን ያልፋል።

ደሙ ሲመረመር ግን ይህ ይታያል።

1ኛ፤ ደምን የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ናቸው። በብዙ በሽተኞች ከዚህ ያንሳሉ፤ ስለዚህ ከአፍንጫና ከሳንባ ደም ሊፈስ ይችላል።

2ኛ፤ በጸና ሕመም ነጭ የደም ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ከ11,000 ይበልጣሉ። በወባ ግን እንዲህ መብዛታቸው የተለመደ አይደለም።

3ኛ፤ ቀይ ሕዋሳት በመድማትና በመፍረስ ይጐድላሉ። የታመመ ጥጃ ቀይ ሽንት የሚሸናውም ቀይ ሕዋሳቱ ስለሚፈርሱ ነው።

4ኛ፤ መቅኔ ደም የሚሠራበት ቦታ ነው። በአንዳንድ በሽተኞች ዘንድ ሕዋሳቱ ሳስተው ተገኝተዋል፤ በሽተኛው ሲድንም ተመልሰዋል።

ከኹሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ወባና የሚያገረሽ ትኩሳት በአጕሊ መነጽር በደም ጠብታ ላይ ይታያሉ፤ ሌፕቶስፒራ ግን በተለመደው የደም ማቅለሚያ አይታይም። ስለዚህ ወባ የለብህም የተባለ በሽተኛ ከሕመም ነጻ ነው ብሎ ወደ ቤቱ መስደድ አደጋ አለው። ፔኒሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ይጠቅሙታል፤ ይልቁንም ቶሎ ሲጀመሩ ነው።

እንግዲህ የወረዳና የቀበሌ ሹም የሚከተለውን ማስፈጸም ይገባዋል፤ ትኩሳትና ቢጫነት ያለበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንዲላክ፣ የሚውልበትም ሥራ ለሐኪሙ እንዲነገር፤ ላሞች በብዛት ሲጨነግፉ ለእንስሳት ሐኪም እንዲገለጽ፤ የጨነገፈው ጥጃና የእንግዴ ልጁ በባዶ እጅ ሳይነካ በጥልቅ ጕድጓድ እንዲቀበር፤ የበረቱ ውሃ በቦይ ወጥቶ ከመጠጥ ምንጭ እንዲርቅ፤ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ብሎ አይጥ እንዳይገባው ኾኖ እንዲሠራ። አይጥ ያልገባው ጎተራ እህሉን ብቻ ሳይኾን የባለቤቱንም ደም ይጠብቃል።