ከአዳራሹ በፊት ቀኑን

ጥያቄ፦ መስቀል ፍላወር አካባቢ ነዋሪዎች ነን። ሠርጋችንን በ2019 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ለማድረግ አስበናል። ቤተሰብ «ቶሎ አዳራሽ ያዙ» ይለናል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከቀኑ ጀምሩ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ፣ ሙሽራ ሁሉ የሚሻማው ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ያለውን ጊዜ ነው። የጊዜው ርዝመት ግን እንደ ትንሣኤ ይለዋወጣል። በ2018 ጾሙ የካቲት 9 ስለገባ ከጥምቀት ወዲህ የነበረው አራት ሳምንት ብቻ ነው። በ2019 ግን ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ሁዳዴ የካቲት 29 ይገባል፤ ከየካቲት 15 የሚጀምረው የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ቢቀነስም ከስድስት ሳምንት በላይ ይተርፋል። ስለዚህ ጥር ላይ ከመጋፋት የካቲት መጀመሪያን ብትመርጡ እመክራለሁ። «እኛ አንጾምም» የሚል ይኖራል፤ የሚጾም እንግዳችሁ ግን ክትፎውን አይቀምሰውም። «ቀኑን ስናማርጥ አዳራሹ ቢያመልጠንስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ሁለት ቀን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም ቀን ቢቀየር ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በውሉ አስጽፉ። መስቀል አደባባይ ትልቅ ዝግጅት ሲኖር መንገድ ስለሚዘጋ የአጀቡን መስመር ቀድማችሁ አጣሩ።

ቀኑ ሲቆረጥ የድግሱ ሥራ ራሱ ይጠራችኋል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞና ፀሐይ ላይ ደርቆ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው፤ ጠጁም ከተጣለ በኋላ ሳምንታት ይፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ብትጋቡም ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብን ለሠርጉ ማግስት አትተዉት፤ የሚጠየቀውን ሰነድ ካሁኑ ጠይቁ።